በዚህ በር እትዬ እኔ ነኝ

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ኧረ ወዲያ! እኔ ቂሜን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ቆሜያለሁ፤ ቂሜን ታቅፌ ሰግጃለሁ፤ ስለትም ተስያለሁ። ስለቴም ሰምሯል።

ሥራዬ ልጅ መያዝ ነው። ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ፣ በገዛ ቤቴ፣ እናቶች ሥራ ውለው እስኪመለሱ ልጆቻቸውን እይዛለሁ። እንዴት ጀመርሽው ሲሉኝ «ልጅ ስለምወድ» እላለሁ። እወዳለሁም፣ ውሸት አይደለም። የጀመርኩት ግን በፍቅር አይደለም፤ በንዴት ነው። አንዲትን ሴት ላሳያት ብዬ ነው።

ሴትየዋ ላቪንግተን በሚባለው የናይሮቢ ሀብታም ሰፈር ነበር የምትኖረው። ባሏ ዌስትላንድስ ሰፈር የሀበሻ ምግብ ቤት አለው፣ እሷም ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት። ከእናቴ ጋር በሩቁ ስለሚዛመዱ «ካሸር አደርጋታለሁ» ብላ ከአዲስ አበባ አስመጣችኝ። ያኔ ገና ከአራስነቷ መነሳቷ ነው። ሻንጣዬን መሬት ሳላስነካ ሕፃኑን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው፤ «እስክትለምጂ እሱን ያዢልኝ» አለችኝ። ካሸር የሚባለውን ወንበር በዓይኔም ሳላየው ልጁ መሮጥ ጀመረ።

በዚያ ቤት ስም አልነበረኝም። ፊት ለፊት ስታገኘኝ «አንቺ» ነኝ፤ ለሰው ስታወራ «ልጅቷ» ነኝ። «ልጅቷ ታቅርብልሽ»፣ «ልጅቷ ትጠበው»፣ «ልጅቷ የት ገባች?» እኔ ደግሞ «እትዬ» ነበር የምላት፤ ሠራተኛ እመቤቷን እንደምትለው። በዕድሜ ብትበልጠኝ ሁለት ዓመት ቢሆን ነው። መጀመሪያ ቀን በስሟ ጠራኋትና ቅንድቧን ሰቅላ፣ «እትዬ በይኝ፣ ልጁ ሥርዓት እንዲያውቅ» አለችኝ። ልጁ እኮ ጡጦ ከመሳብ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም!

አነጋገሯን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። «ምን ይገትርሻል?» ትላለች፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ጆሮሽን የት ጥለሽ መጣሽ?» ትላለች። «ለእንግዳ ውሃ አይቀርብም? ሁሉ ነገር ይነገርሽ?» ውሃውን ይዤ እየመጣሁም ቢሆን ይህችን ሳትል አታልፍም።

ልጁ ግን የኔ ነበር። አልወለድኩትም፣ አውቃለሁ። ድዱ ሲያሳክከው የነከሰው የኔን ጣት ነው። ድክ ድክ ሲል ከሶፋው ተነስቶ የመጣው ወደኔ ነው። እናቱ ከሥራ ስትገባና እጇን ስትዘረጋለት አንገቴ ሥር ይደበቃል፤ እሷም «ኤዲያ፣ ደክሞኛል» ብላ ወደ መኝታ ቤቷ ትሄዳለች። እኔም ጉንጩን ስሜ አዝለዋለሁ።

አንድ እሁድ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ ልጁ በሰው እግር መሃል እየተሹለከለከ መጥቶ ቀሚሴን ያዘና «እማዬ!» አለኝ። ጥርት አድርጎ። አንዷ እንግዳ ሳቅ አፈናትና «እናቱ የትኛዋ ናት እባካችሁ?» አለች። እመቤቲቱም ሳቀች፤ የጥርስ ሳቅ። በማግስቱ ጠዋት «ዕቃሽን ሰብስቢ» አለችኝ። ምክንያት የለ፣ ምን የለ።

ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አይደል፤ ሰው ከሥራ ይባረራል። በሩ ላይ ስደርስ ግን ዘበኛውን፣ እዚህ አገር አስካሪ የሚሉትን፣ ጠራችና ሻንጣዬን እንዲፈትሽ አዘዘችው። ሽማግሌ ሰው ነው፤ በየቀኑ ሻይ የምሰጠው። አፍሮ «ፖሌ» አለኝ፣ ይቅርታ ማለቱ ነው፤ ከዚያ ከፈተው። የውስጥ ልብሴ ሳይቀር ጠጠሩ ላይ ተዘረገፈ፤ መኪና የሚያጥበው ሾፌር ቆሞ እያየ። ልጁ በመስኮቱ ብረት መሃል እጁን አውጥቶ ይጮሃል። ምንም አልተገኘም። «እሺ፣ ሂጂ» አለች። ይቅርታ አላለችም። ተንበርክኬ ልብሴን ስሰበስብ አጠገቤ ቆማ ሰዓቷን ታያለች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ እየጠበቅኩ፣ ዓይኔ እንባ፣ ልቤ እሳት ሆኖ ሁለት ነገር ተሳልኩ። አንደኛ፣ ያ ልጅ ወደ እጄ እንዲመለስ። ሁለተኛ፣ ያቺ ሴት በገዛ አፏ፣ ሰው ፊት፣ እኔን «እትዬ» እንድትለኝ። እነዚህን ሳላይ አልሞትም አልኩ።

የማውቀው ሰው ቢኖር አንዲት የሞያሌ ሴት ናት፤ ኢስሊ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች። ላቪንግተን መጋረጃ ልትሸጥ በመጣች ጊዜ ስልኳን ሰጥታኝ ነበር። ደወልኩላት። ሳውዝ ሲ ያለው ቤቷ ከኋላ በኩል አንድ ሰፊ ክፍልና ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ ነበረው። የሴት ልጇ ያያ፣ ሞግዚቷ ማለት ነው፣ ሳትናገር ጥላ ከሄደች ሰነባብታለች። «ወላሂ አላህ ነው ያመጣሽ» አለችኝ፤ «ልጄን ያዢልኝ፣ ክፍሉን ያዢ።» በዚያው ተስማማን። ሥራዬ የተጀመረው በዚያች የምትነክስ ልጅ ነው። ጥርሷ! ክንዴ ላይ ምልክቷ አለ።

ቀጥላ ጎረቤት ያለች አስተናጋጅ ልጇን አመጣች፤ ከዚያ እህቷ፤ ከዚያ የእህቷ ጓደኛ። ስፖንጅ ፍራሽ ግድግዳውን ታኮ ተነጠፈ፤ ፖፖዎች በር ሥር ተደረደሩ። መጀመሪያ ሰሞን እብድ ልሆን ነበር። አንዱ አለቀሰ ማለት ሁሉም አለቀሰ ማለት ነው። በኋላ ዘዴው ገባኝ፦ የሚያነሱት የሚያለቅሰውን ሳይሆን ከንፈሩን የጣለውን፣ ሊጀምር ያለውን ነው። የጀመረውማ ጀምሯል፤ ይጨርሳል። ያልጀመሩትን ካቀፍክ የጀመረውን ብቻውን ማልቀስ ያሳፍረዋል። በሰው ቤት ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር፤ እዚያ ልጅ ሲያለቅስ የምታስበው ለልጁ ሳይሆን ለእመቤቲቱ ጆሮ ነው። እዚህ በሩ የኔ ነው። ከሥራዬ ሁሉ የወደድኩት በሩን ነው፤ ጠዋት እኔ እከፍተዋለሁ፣ ማታ እኔ እዘጋዋለሁ።

ቤቴን የሞላው ግን አማርኛዬ ነው። የናይሮቢ የሀበሻ ልጅ ከያያው ስዋሂሊ፣ ከቴሌቪዥኑ እንግሊዝኛ ይለቅምና አማርኛ ሲያናግሩት ግንብ ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከአማርኛ ሌላ ከአፌ አይወጣም። ከምይዛቸው ልጆች አንዷን አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «እንዴት ነሽ?» ቢሏት ብድግ ብላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አለቻቸው። ሽማግሌው እንባ አቀረሩ። እናቶች ሁሉ ዞረው «የማን ልጅ ናት? ማን ጋር ነው የምትውለው?» አሉ። በዚያ ሰሞን ስልኬ ከጆሮዬ አልተለየም።

ደንብ አወጣሁ። ልጆቹ «እትዬ» ይሉኛል። እናቶቹም በሩ ላይ፣ ልጆቹ ፊት፣ «እትዬ» ይሉኛል፤ ልጅ የሰማውን ነውና የሚለው። ሁሉም «ልክ ነሽ፣ አሪፍ አስተዳደግ ነው» አሉ። አሪፍ አስተዳደግስ ነበር። ለማን ብዬ እንዳወጣሁት ግን እናንተ ታውቃላችሁ።

እሷም መጣች! እንደምትመጣ አውቅ ነበር፤ ጊዜውን ነው ያላወቅኩት። አንድ ቀን እናቶች ልጆቻቸውን በሚወስዱበት ሰዓት ውጭ የመኪና ጥሩንባ ተነፋ። ጥሩንባውን አወቅኩት። ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ። ደግሞ ተነፋ። ቀጥሎ ሾፌሩ፣ ያው ሾፌር፣ ገብቶ የቤቱን ባለቤት «እትዬ ልጅቷን ጥራልኝ ብለውኛል» አላት። ለሞያሌዋ ሴት ሁሉን ነግሬያት ነበር፤ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና «የትኛዋን? እዚህ ያሉት ልጆች ሁሉ ዳይፐር ነው የታጠቁት» አለችው። እኔ ሳህኑን ይዤ በሳቅ ሞትኩ።

በመጨረሻ ራሷ ገባች፤ ጥቁር መነጽር፣ ረጅም ተረከዝ። ልጁ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ይዟል። አድጓል፤ አንገቱ ወጥቷል፤ ዓይኑ ያው ነው። እጄን በቀሚሴ እየጠረግኩ ጎንበስ አልኩለት። ቀና ብሎ አየኝና እናቱን «ሁዩ ኒ ናኒ?» አላት። ይቺ ማን ናት ማለቱ ነው። ሁለት ዓመት ግድም ለልጅ ዕድሜ ነው፣ ይገባኛል፤ ግን ያቺን ደቂቃ ዕዳዋ ላይ ጻፍኳት።

ጉዳዩ አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ነበሩ። ባሏን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት፤ እሳቸው ሳይፈቅዱለት ውሃ አይጠጣም። ከአዲስ አበባ ሲደውሉ የልጅ ልጃቸው በስዋሂሊ ይመልስላቸዋል፤ ያኔ ልጃቸውን «ለማን ነው የወለድከው?» ብለው አልቅሰው ስልኩን ይዘጋሉ። አሁን በአካል ሊመጡ ነው። «እሳቸው ሳይደርሱ አማርኛ ይናገርልኝ» አለችኝ። «ሁሉም ያንቺን ስም ነው የሚጠሩት።» ስሜን ታውቀው ኖሯል!

«ቦታ የለኝም» አልኳት።

«እባክሽ።»

«ይህ ቤት ደንብ አለው፤ እዚህ ያሉትን እናቶች ጠይቂያቸው።» እናቶቹ ጫማ እያሰሩ፣ ጆሯቸውን አቁመው ይሰማሉ። አንዷ የዋህ «እትዬ ነው የምንላት፣ ለልጆቹ ብለን» አለቻት።

መነጽሯን አወለቀች። «እባክሽ... እትዬ» አለች፣ ወደ መሬት።

«አልሰማሁሽም።»

«እባክሽ እትዬ!»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወደ ኋላ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ዘለልኩ፤ ምን ልዋሻችሁ።

ልጁ መጀመሪያ ጥግ ይዞ እያኮረፈ ዋለ። አንድ ቀን እንቅልፍ ሲያዳፋው አንስቼ አዘልኩት፤ ጉንጩን እዚያችው ድሮ የሚያሳርፍባት ቦታ ላይ አሳረፈ። ጭንቅላቱ ረስቶኛል፣ ጉንጩ አልረሳም። ከዚያ ወዲያ ጠዋት መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍቶ «እትዬ!» እያለ ይሮጥልኝ ነበር። እናቱ ከኋላ ወንበር ሆና ታያለች። እኔም እንድታይ ዞር እልላታለሁ።

ሁለቱም ስለት ሰመረ። ሰው ግን ሲሞላለት ሌላ ያምረዋል። የተዘረገፈው ልብሴስ? ጠጠሩስ?

ልጆች እቃቃ ይጫወታሉ፤ በቆርኪና በጣሳ ክዳን ቤት ሠርተው፣ አንዷ እናት፣ አንዷ ሠራተኛ፣ አንዱ እንግዳ። እኔም ገባሁና እናት ሆንኩ። እንዴት ያለች እናት? የላቪንግተኗን! እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ «አንቺ! ምን ይገትርሻል? ጆሮሽን የት ጥለሽ መጣሽ?» ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ያ ልጅ ደግሞ የሰማውን በድምፁ፣ በቅንድቡ፣ በእጁ ሳይቀር የሚመልስ ጉድ ነው። በማግስቱ እናትነቱን ለሱ ሰጠሁት። አንጀት የሚያርስ እመቤት ወጣው።

ሌላውን ሁሉ ንጹሕ አድርጌ አስተማርኩት። ሽማግሌ ሲመጣ ብድግ፣ ጉልበት መሳም፣ «እርስዎ»፣ «እንደምን አደሩ»። ለአያቱ የተዘጋጀ ወርቅ። ለእናቱ ግን ከእቃቃው ሌላ አማርኛ አላስተማርኩትም፤ የሚያውቀው «አንቺ» ያንን «አንቺ» ብቻ ነው። የሞያሌዋ ሴት ሁኔታዬን አይታ «ከልጅ ጋር አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» አለችኝ። «እኔ አዲስ ቃል አላስገባሁበትም» አልኳት፤ «ያለው ሁሉ የናቱ ነው። ዕቃዋን ነው የምመልስላት።»

አማቷ መጡ። ልጁ እንግዳ ፊት እንዳያፍር እኔም ለምሳ ተጠራሁ፤ ላቪንግተን፣ በዋናው በር፣ ሶፋው ላይ! ሽማግሌው አስካሪ ሲያየኝ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ። አማቲቱ አጭር፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ዓይናቸው የሚበሳ ሴትዮ ናቸው። ልጁ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመና «እንኳን ደህና መጡ አያቴ፣ መንገድ እንዴት ነበር?» አላቸው። ሴትዮዋ ደረታቸውን ይዘው አለቀሱ። አባትየውም አለቀሰ። እናቱ «ጎበዝ የኔ ልጅ!» ብላ እጇን ዘረጋችለት።

ዞሮ አያት። እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። «አንቺ! ምን ይገትርሻል? ለእንግዳ ውሃ አይቀርብም? ጆሮሽን የት ጥለሽ መጣሽ?»

ፊቷ አመድ መሰለ። ጣራው ሲደረመስባት ልይ ብዬ አማቲቱን አየሁ። እሳቸው እቴ! እጃቸውን አጨብጭበው፣ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። «እሰይ የኔ ጌታ! ስንት ዓመት ልላት የፈለግኩትን አላት!» ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው፣ «በይ እንጂ፣ ልጁ ውሃ አለ አይደል?» አሏት። ተነሳች። ውሃ አመጣች። ለኔም አመጣች። ብድግ ሳልል፣ በአንድ እጄ ተቀበልኳት። ዛሬ ድረስ እንደዚያ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።

ያ ሰሞን የደስታዬ ሰሞን ነበር። ሾፌሩ ልጁን ሊያደርስ ሲመጣ ወሬውን ይዞልኝ ይመጣል፦ አሮጊቷ እግራቸውን አሳጠቧት፤ አሮጊቷ ወጡን «ይሄ ምንድነው?» ብለው መለሱባት፤ ልጁ ሲያዛት አያቱ ያጨበጭባሉ። ይበላት! እላለሁ ልጆች እያበላሁ። ይበላት!

አንድ ቀን ቀትር ላይ ልጆቹ ተኝተው ሳለ ብቻዋን መጣች። መነጽር የለ፣ ቀለም የለ። በሩ ላይ ቆማ «ሊወስዱት ነው» አለችኝ።

«ማን? ማንን?»

«አማቴ። ልጄን። እናቱን እንደ ሠራተኛ ነው የሚያያት፣ እናት የለውም ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ወስጄ አሳድገዋለሁ አሉ። ባሌም እሺ ብሏል።» ከዚያ ዓይኔን አየችኝ። «አንቺ ነሽ ያስተማርሽው።»

«ቃሉ ያንቺ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

እንድትክድ ጠብቄ ነበር። ብትክድ በሩን እዘጋባት ነበር። ዞር ስል ልጁ ፍራሹ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ያኔ ነው የገባኝ፤ እሷ ስታጣው እኔም አጣዋለሁ። አዲስ አበባ ሳውዝ ሲ አይደለም። በንዴት ጦፍኩ። ይቺ ሴት እኮ መሸነፍ እንኳ አትችልም! ስትወድቅም እኔን ይዛ ነው የምትወድቀው!

«አስቀርልሻለሁ» አልኳት። «በመጀመሪያ ግን እናቶቹ እስኪመጡ ትጠብቂያለሽ። በርሽ ላይ ያደረግሽኝን ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ጠበቀች። እናቶቹ ሲሰበሰቡ ግቢው መሃል ቆማ ተናገረች። «ሻንጣዋን በአስካሪ አስፈተሽኳት። ልብሷን ሰው እያየ አስዘረገፍኩት። ምንም አልወሰደችም ነበር» አለች። ደግሞም «እንዳልወሰደችም አውቅ ነበር» ብላ ጨመረች። ያቺን ጭማሪ እኔ አላዘዝኳትም። እናቶቹ መሬት መሬት አዩ። ይቅርታ ጠየቀችኝ። «ተቀብያለሁ» አልኩ፤ አልተቀበልኩም።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ትመጣና ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለች። ጉልበቷ መታጠፍ አያውቅም። መጫወትም አታውቅም፤ ልጁ የቆርኪ ምግብ ሲሰጣት «አመሰግናለሁ» ብላ መሬት ታስቀምጠዋለች። «ብዪው እንጂ!» እላታለሁ። «ድምፅሽን አውርጂ። ፊትህን ጥረግ አትበይው፣ ራስሽ ጥረጊለት። ከላይ ሆነሽ አታናግሪው።» ስትሳሳት «ጆሮሽን የት ጥለሽ መጣሽ?» እላታለሁ፤ አንድ ጊዜ በዚህ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ግን አስተማርኳት፤ የማውቀውን ሁሉ። የጁስ መፍጫ ድምፅ እንደሚያስፈራው። እንቅልፍ የሚወስደው ጆሮው ሥር ሲታሽለት እንደሆነ። «አልፈልግም» ሲል ደግመሽ ጠይቂኝ ማለቱ እንደሆነ። እቃቃውንም ቀየርነው፤ እናት የምትሆነው እሷ፣ ልጁ ልጅ። «እማዬ የምትባለው እሷ ናት» አልኩት። እስከዚያ ቀን «ማሚ» ነበር የሚላት፣ ከቴሌቪዥን የለቀመውን።

አንድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ሲሮጥ ደረጃው ላይ ወደቀ። ጉልበቱ ደማ። ሁለታችንም እኩል ተነሳን፣ ሁለታችንም እጃችንን ዘረጋን። አየኝ፤ አያት። «እማዬ!» እያለ እሷ ላይ ተጠመጠመ። እኔ ተመልሼ ቁጭ አልኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

አማቲቱ ከመሄዳቸው በፊት «ልጁ የሚውልበትን ልየው» ብለው ሳውዝ ሲ መጡ። እናትና ልጅ ምንጣፉ ላይ ነበሩ። እጃቸውን ዘርግተው «ና የኔ ጌታ፣ አዲስ አበባ እንሂድ» አሉት። ልጁ እናቱ ጀርባ ገባና አንገቷን አቅፎ፣ «እኔ ከእማዬ ጋር ነው የምሆነው» አለ። አሮጊቷ ቆመው ብዙ አዩዋቸው። «በይ እንግዲህ ልጄ» አሉ ለምራታቸው፤ «እናት ካለውማ እኔ ምን ቤት ነኝ?» ብቻቸውን ተሳፈሩ።

ሰኞ ጠዋት በሩን ከፍቼ ጠበቅኩ። ሌሎቹ ልጆች ገቡ። መኪናው ዘግይቶ መጣ፤ ሾፌሩ ብቻውን ነው። ቅያሪ ልብሱንና ብርድ ልብሱን አምጣ ተብሏል። ላቪንግተን፣ ቤታቸው አጠገብ፣ ነርሰሪ አስገብታዋለች። ደወልኩላት። አነሳች፣ በትህትና አናገረችኝ።

«ልጁን ልየው» አልኳት።

«ይቅር» አለችኝ። «አንቺን ካየ ከኔ ጋር መሆን አይፈልግም። ትንሽ ይልመደኝ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር! የአፌን ያህል ተሳደብኩ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ኩሽና ገብቼ። የሞያሌዋ ሴት መጥታ «ጨካኝ ናት፣ ተያት» አለችኝ።

ጨካኝ ብትሆን እንዴት በተሻለኝ። ጨካኟንማ አውቃታለሁ፤ ልጇን በሰው እጅ ጥላ «ደክሞኛል» ብላ የምትተኛዋ ናት። ይቺኛዋ ልጇን ለሰው አላካፍልም ያለች እናት ናት። እናትነቱን ደግሞ እዚህ ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ፣ አንድ በአንድ፣ ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ የታባቷ!